ከቤት የወጣው ዲስክ

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስክሪኑ ደረቀ።

ሚሬይ ማውሱን ወዲያ ወዲህ ገፋችው። ቀስቱ ካለበት አልተነቃነቀም። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሳጥን እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። የፈተናው ሰዓት ግን አይጠብቅም፤ የሚቆጥረው ትምህርት ቤት ባለው ኮምፒውተር እንጂ በእነሱ ቤት ባለው አይደለም።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር ሞተ።»

«አልሞተም፣ እያሰበ ነው» አለ አባቷ አልፌ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ለሚይዝባቸው ወጥመዶቹ ገመድ እየለካ ነው። ሁለት እጁን እስከ መጨረሻው ይዘረጋና ያንን አንድ ዝርግ ብሎ ይቆጥራል። «እኔም በሱ ዕድሜ እንደዚሁ ነው የማስበው።»

«ፈተና ላይ ነኝ እኮ።»

«ታዲያ እንዳትመቺው። ስትመቺው ይባስ ያኮርፋል።»

ስክሪኑ ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ነቃ። ያሳያትም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ጊዜው አልቋል ይላል።

በማግስቱ የሒሳብ መምህሯ፣ ኮምፒውተሬ ቆመብኝ የማይል ተማሪ አላጋጠመኝም አሏት። ቢሆንም ለመጪው ረቡዕ ሌላ ዕድል ሰጧት። ያም ካመለጣት ወደ ዝቅተኛው ክፍል መዛወሯ ነው። ማታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ዲያን ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ገና መግባቷ ነበር፤ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

«የሎብስተር ማጥመጃው ወቅት ከመከፈቱ በፊት አዲስ የሚባል ነገር አይገዛም» አለች። «እንዳትነካኪውም። ከነካካሽው ጭራሽ አይነሣም፤ ከዚያ ደግሞ አባትሽ አይነሣም።»

አልፌ ሳቀ። ነገሩ ግን ግማሹ እውነት ነበር። በዚያ ሳጥን ውስጥ የሃያ ሁለት ዓመት ምልክቶቹ አሉ። የትኛው ወጥመድ በየት፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ በየትኛው ቀን ስንት ሎብስተር እንዳወጣ ሁሉ በካርታ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ በፊት የነበረውንም ከአባቱ ደብተር ላይ አንድ ክረምት ሙሉ በሁለት ጣት እየመታ አስገብቶታል። በወደቡ ሰዎች የማያወሩት ነገር የለም፤ ስለ ሰው ሕመም፣ ስለ ሰው ትዳር፣ ቄሱ ስለሚጠጡት ሁሉ ያወራሉ። ወጥመዳቸውን የት እንደሚጥሉ ግን አይናገሩም። ወንድም ለወንድሙ አይነግርም። ባሕር ላይ ሆነው በሬዲዮ «የት ነህ?» ሲባሉ «ውኃ ላይ» ብለው ይመልሳሉ።

«ንኪው» አላት አልፌ። «አንድ ነገር ብቻ፤ ምልክቶቼ እንዳይጠፉ።»

እንዳይወጡ ግን አላላትም። ያ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሚሬይ ከስልኳ እያነበበች ሥራ ጀመረች። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረውት የሚነሡ አሥራ ዘጠኝ ፕሮግራሞች አገኘች። ከነዚህ አንዱ ከስድስት ዓመት በፊት የተጣለ ፕሪንተር እስከ ዛሬ የሚፈልግ ነበር። አሥራ ስድስቱን ዘጋች። ሁለት አንቲቫይረሶች እርስ በርስ ሲጠባበቁ ደርሳባቸው አንዱን አጠፋች። የቆሻሻ መጣያውን ባዶ አደረገች፤ ውስጡ አራት ሺህ ፋይል ነበር። ከዚያ አጥፍታ አበራችውና የምድጃውን ሰዓት ማየት ጀመረች። አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ስምንት ሆነ። ፈተናውን ስትከፍት ግን ያው ማቃሰት፣ ያው መድረቅ።

እሁድን መጠበቅ አልቻለችም። ለኮራ ደወለች።

ኮራ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። የመንደሩ አሮጊቶች ኮምፒውተር ሲበላሽባቸው የሚጠሩት እሷን ነው፤ ኬክ እየበላች ትሠራላቸዋለች።

«ለመነሣት ስንት ደቂቃ አልሽኝ?»

«ስምንት። በፊት አሥራ አንድ ነበር።»

«እሱ ኮምፒውተር አይደለም፣ ዳቦ ነው። አቡክተሽ እስኪነሣ ትጠብቂዋለሽ።»

«አትቀልጂ ባክሽ። ረቡዕ አለቀልኝ።»

«ስሚ፣ ፕሮግራም መዝጋት ለሱ አስፕሪን ነው። በሽታው ዲስኩ ነው። የናንተ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው፤ አርጅቷል። የወንድሜ ላፕቶፕ ሲሰበር ያወጣሁት አዲሱ ዓይነት አለኝ፣ ምንም የሚሽከረከር ነገር የለውም። ያለውን በሙሉ ገልብጬ እቀይርልሻለሁ። ምንም አትገዢም።»

የኮራ አባት ቬርኖንም እንደ አልፌ የሎብስተር ጀልባ ካፒቴን ነው። ጀልባው ከአባቷ ጀልባ ሦስት ቦታ አልፎ ነው የሚታሰረው። ሁለቱ ሰዎች ሰላም ይባባላሉ፣ መኪና ከበረዶ ለማውጣት ይረዳዳሉ። ከዚያ አያልፉም።

«አባቴ እንዳያውቅ» አለች።

«እኔ ለማን እናገራለሁ? ፋራ ነሽ።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አልፌ ወደ ወደቡ ወረደ፤ እናቷም ተረኛ ነበረች። አልፌ ከመውጣቱ በፊት «ማን ነው የሚረዳሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ሚሬይ «አንድ የክፍሌ ልጅ» አለችው። ውሸት አይደለም። እውነት አለመሆኑን ግን ስትናገረው ታውቃለች።

ኮራ ካቻቢቴዎቿን በእርሳስ መያዣ ይዛ መጣች። የሳጥኑን ጎን ስትከፍተው ሁለቱም አፍንጫቸውን ያዙ።

«ድመታችሁ እዚህ ነው እንዴ የሚኖረው?»

ግራጫ ጸጉርና አቧራ እንደ ጥጥ ተድበልብሎ ማራገቢያውን አንቆታል። ሚሬይ ለወጥመድ ተንሳፋፊዎች መቀቢያ ከተገዙት ብሩሾች አንድ ንጹሕ አምጥታ ቀስ እያለች ጠረገችው። ኮራ ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን ሰካችና መገልበጥ አስጀመረች። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳሎን ውስጥ ተጋድመው ከትናንት የተረፈውን ራፒ የሚሉትን የድንችና የዶሮ ምግብ ከመጥበሻው ላይ በሉ፤ ስለ አንድ ከሌላ ትምህርት ቤት ስለመጣ ልጅም ብዙ አወሩ። ኮራ አንድም ፋይል አልከፈተችም። ሚሬይ ይህን በኋላ ደጋግማ አስታውሳዋለች፤ አንድም አልከፈተችም።

በመጨረሻ አሮጌውን ነቅለው አዲሱን ብቻ ትተው አበሩት። ስክሪኑ በራ። ሁለቱም መቁጠር ጀመሩ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ የአልፌ ጀልባ ፎቶ፣ ከፎቶው ላይም ሁሉም ነገር በየቦታው ቁጭ ብሎ ታየ።

«አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ» አለች ሚሬይ። እንደገና አጥፍታ አበራችው። አሥራ ስምንት።

ኮራ ዕቃዋን ሰበሰበች። አሮጌውን ዲስክ አንስታ አገላብጣ አየችው። «ይሄን እኔ እጥለዋለሁ። እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፣ ከተማ የሚቀበሉበት ቦታ አለ።»

«እሺ።»

በሚሬይ ሐሳብ፣ ዕቃው ሁሉ ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ተጓጉዟል። የቀረው ባዶ ቤት ነው። መገልበጥና ማጓጓዝ አንድ አለመሆናቸው ያን ጊዜ ትዝ አላላትም።

ያን ማታ አልፌ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል ካርታው መጣለት። ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«ምን አደረግሽው?»

«ዲስክ ቀየርንለት። ምልክቶችህ ሁሉም አሉ፣ ቁጠራቸው።»

አልቆጠረም፤ ግን ወደሚወደው ቦታ ሄዶ አየ። ከወደቡ የሦስት ሰዓት ጉዞ ርቆ፣ የባሕሩ ወለል ድንገት የሚሰምጥበት ጠባብ ጉድጓድ አለ። አያቷ «የቄሱ ኪስ» ብለው ጠርተውታል፤ ጠባብ፣ ጥልቅና ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ ነው ይሉ ነበር። አልፌ ጭንቅላቷን ሳማትና «ጎበዝ ነሽ የኔ ልጅ» አላት። እናቷ ብቻ ከበሩ ላይ ሆና «እንዲህ በአንዴ የዳነ ነገር በአንዴ ይወድቃል» አለች።

ረቡዕ ሚሬይ ፈተናውን ስድስት ደቂቃ ሲቀራት ጨረሰች።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርደው ከኮራ ጋር ሲሄዱ በእነ ኮራ ግቢ አለፉ። ወቅቱ ሰኞ ስለሚከፈት ግቢው በወጥመድ ቁልል ተሞልቷል፤ ቀጭን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል። ቬርኖንና አንድ ሠራተኛው ቆመው ገመድ እየለኩ ነበር።

«ሚሪ» አለ ቬርኖን። «ኮምፒውተራችሁ መብረር ጀመረ አሉ።»

«አዎ ጋሽ ቬርኖን። ኮራ ናት የሠራችልን።»

«ጥሩ ነው» አለና ዞር አለ። ብዙ የሚያወራ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሚሬይ ኮራ ቦርሳዋን አስገብታ እስክትመለስ ዝናቡ ላይ ቆመች። ሠራተኛው እጁን ይዘረጋል፣ ይሰበስባል። እሷም ሳታስበው ትቆጥራለች፤ በዚያ መንደር ያደገ ልጅ ገመድ ሲለካ እያየ አለመቁጠር አይችልም። ቬርኖን ከድሮ ጀምሮ ድንጋያማው ዳርቻ አጠገብ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው የሚጥለው። ገመዱም ሃያ ዝርግ ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሠራተኛው ሃያ ላይ አልቆረጠም። ሠላሳን አለፈ። አርባ። ሃምሳ። ስልሳ ላይ መቁጠር አቆመች፤ እሱ ግን እየለካ ነበር። ከአዲስ ጥቅል ነው የሚለካው፤ በሩ ሥር ደግሞ ሌላ አራት ያልተፈታ ጥቅል አለ።

እንዲህ ያለ ገመድ የሚያስፈልገው ቦታ፣ በአንድ ቀን ተሂዶ በሚመለስበት ባሕር ውስጥ፣ አንድ ብቻ ነው፤ የቄሱ ኪስ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ኮራን ከጂምናዚየሙ ኋላ ያለው ደረጃ ላይ አገኘቻት።

«ዲስኩን የት ጣልሽው?»

«ነገርኩሽ እኮ። ከተማ።»

«ከተማ መቼ ሄድሽ?»

ኮራ የሳንድዊቿን ወረቀት አጠፈች፤ እንደገና አጠፈችው። «ምነው ታካብጃለሽ?»

«ገመዳችሁን አየሁት።»

ታች ሜዳው ላይ ልጆች በበረዶው ዝናብ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዱ ወድቆ ሌሎቹ ይስቁበታል።

«አባቴ ነው» አለች ኮራ። ድምፅዋ አነሰ። «ጠረጴዛዬ ላይ አይቶት ምንድነው ይሄ አለኝ። የነሚሪ ነው፣ ልጥለው ነው አልኩት። አገላብጦ አየው። ከዚያ ስኪው አለኝ።»

«ሰካሽለት?»

«አባቴ እኮ ነው። ምን ልበለው?»

ሚሬይ የራሷ አባት «ስኪው» ቢላት ምን እንደምትል አታውቅም ነበር። ኮራን ልትጠላት ሞከረች፤ እሱም እንደምትፈልገው አልመጣላትም። እሷ ራሷ አይደለች «እሺ» ያለችው?

ኮራ ከቦርሳዋ አንድ በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «ይኸው። ዛሬ ልሰጥሽ ነበር። እውነቴን ነው።»

ሚሬይ ተቀበለቻት። ዲስኩ በእጇ ላይ ከጠበቀችው በላይ ቀሊል ነበር። ውስጡ ያለው ሁሉ አሁንም ውስጡ ነው፤ በእነ ኮራ ቤትም አለ። ብትሰብረው፣ ብታቃጥለው፣ ባሕር ውስጥ ብትወረውረው ያው ነው።

«ለአባትሽ ከነገርሽው ገመዳችንን ይቆርጣል» አለች ኮራ። «ከዚያ የኔ አባት የናንተን ይቆርጣል። ያቺ የተቃጠለችው ጀልባ ትዝ ትልሻለች? እሱም በገመድ ነበር የጀመረው።»

ትዝ ይላታል። ሁለት ዓመት ሆነው። ሁለት ቤተሰቦች ናቸው፤ ጀልባዋ በታሰረችበት እስከ ውኃው ድረስ ነደደች፣ የአንደኛው ቤት ልጆችም ከፋሲካ በፊት ትምህርት ቤት ለቀው ሄዱ። ማን እንዳደረገው ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረም።

«አባቴ ክፉ አይደለም» አለች ኮራ። «ሞተሩ ዕዳ አለበት፣ አምና ደግሞ ምንም አልያዝንም። ክፉ አይደለም፣ እሺ?»

ደወሉ ሲደወል ሁለቱም አልተነሡም። ሚሬይ ካልሲውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ወጥመድ ተጫነ። ሰው ሁሉ ወደቡ ላይ ነው፤ ፒካፖቹ ተሰልፈው ወጥመድ ያራግፋሉ፣ ሰዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ጀልባው ላይ ይደረድራሉ። በወቅቱ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ጀልባ ወጥመዱን በሙሉ በአንድ ጉዞ ይጭናል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም እኩል ይወጣና ጥሩ ቦታ ለመያዝ ይሽቀዳደማል። የአልፌ ጀልባ ጭነቷ ከጣሪያዋ በላይ ሲሆን የጎኗ ጫፍ ውኃውን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

ዲያን ከዳር ቆማ በየዓመቱ የምትለውን አለች። «በዛ። ሃምሳውን አውርድና ማክሰኞ ተመልሰህ ውሰድ።»

«ሃምሳ ባወርድ ምነው መቶ አላወረድክ ትያለሽ።»

«አዎ እላለሁ። በውድድር ላይ አንድ ማዕበል በጎን ቢመታህ፣ አንድ ገመድ ፕሮፔለርህ ላይ ቢጠመጠም፣ በዚህ ክብደት ምን ትሆናለህ?»

ከጎን ያሉት ሰዎች ተያይተው ፈገግ አሉ። አልፌም ፈገግ አለና ትከሻዋን ያዝ አደረጋት። «ዲያን፣ የሚሽቀዳደሙት ሌሎቹ ናቸው። እኔ መቼ ሮጬ አውቃለሁ? እኔ የምሄድበት ማንም አይመጣም። ቀስ ብዬ ሄጄ፣ ቀስ ብዬ ጥዬ እመለሳለሁ።»

ሚሬይ የያዘችውን ወጥመድ ለሚቀበላት ሰው ማቀበሉን ረሳች። ሰውየው «ልጅት፣ ተኛሽ እንዴ?» አላት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምታስበው ስለ ምስጢሩ ነበር፤ አባቷ ሲያውቅ ፊቱ ምን እንደሚመስል። አሁን ሌላ ነገር ታያት። የቄሱ ኪስ ጠባብ ነው። አባቷ ብቻዬን ነኝ ብሎ፣ ጭነቱን እንደያዘ ቀስ ብሎ ይገባል። ቬርኖን ደግሞ ለመቅደም በሙሉ ኃይሉ እየሮጠ ይመጣል፤ ቦታውን አያውቀውም፣ ከስክሪን ላይ ነው ያየው። የሁለቱ ገመድ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለር ላይ ገመድ አንድ ዙር ቢጠመጠም ጀልባው ይቆማል፤ ከዚያ አንድ ማዕበል ይበቃል።

ሦስት ቦታ አልፎ ቬርኖን ወጥመዱን ይጭናል። ረጅሙን ገመድ ከወጥመዶቹ ውስጥ ስለከተተው ከውጭ አይታይም። ኮራ ከጀልባቸው ላይ ሆና አየቻትና ፊቷን አዞረች።

ያን ቀን አልተናገረችም። ራት ላይ ልትጀምር አስባ አባቷ ሲስቅ አየችውና ተወችው። ክፍሏ ሄዳ ዲስኩን ከካልሲው አወጣችው፤ አየችው፤ መልሳ ከተተችው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አልፌ የነገውን ነፋስ ለማየት ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። እስከ እኩለ ቀን ጸጥታ፣ ከዚያ በኋላ ግን ኃይለኛ ነፋስ ይላል። ከዚያ ካርታውን ከፈተ። ዲያን ሳህን ታጥባለች።

«አባዬ» አለች ሚሬይ።

«ወይ።»

«አሮጌውን ዲስክ ከቤት አስወጣሁት።»

አልዞረም። «የቱን አሮጌ ዲስክ?»

ነገረችው። ከፈተናው ጀምራ ነበር ልትነግረው ያሰበችው፤ ግን ከገመዱ ጀመረች። ከዚያ ስለ ኮራ ነገረችው። «የክፍሌ ልጅ ያልኩህ እሷን ነበር» አለች። «ብነግርህ እምቢ ትል ነበር።» የቧንቧው ውኃ ዝም አለ፤ እናቷ ዘግታዋለች።

አልፌ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ስንት ዝርግ ነው?»

«ስልሳ ድረስ ቆጠርኩ። ከዚያ ተውኩት።»

ራሱን ነቀነቀ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮህ ይቀላት ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸና ወንበሩ ላይ አነሰ።

«አባቴ ያቺን ቦታ ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል» አለ ቀስ ብሎ። ቆይቶም «እኔም የትኛዋ የክፍልሽ ልጅ ብዬ አልጠየቅኩሽም» አለ።

«ሌላ ቦታ ጣል» አለች ዲያን። እጇ ላይ ያለው አረፋ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ገመዱ ለዚያ ጥልቀት ተለክቶ ተቆርጧል፣ ዲያን። በዚህ ገመድ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ብጥል እርስ በርሱ ነው የሚቋጠረው። ያለኝ ገመድ ይሄ ነው።»

«እንግዲያ ደውልለት።»

«ምን ብዬ?»

«ነገ የት ነው የምትጥለው በለው።»

አልፌ ራቁትህን ቅዳሴ ግባ ያለችው ይመስል አያት። ዲያን ዓይኗን አልሰበረችም። «ባሕር አባታቸውን የወሰደባቸው ሰባት ልጆች አሉ በዚህ መንደር» አለች። «አንዳቸውም አባታቸው የት እንደጣለ አይደለም የሚያስታውሱት።»

እሱ የመኪናውን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሳ። ነይ አላላትም፤ ሚሬይ ግን ጃኬቷን ለብሳ ተከተለችው።

የቬርኖን ቤት በመኪና ሁለት ደቂቃ ነው። አልፌ ፒካፑን ከግቢው ደጃፍ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን መሪው ላይ አደረገ። መጥረጊያው የመስተዋቱን በረዶ ይገፋል፣ እንደገና ይገፋል። ሳሎኑ ውስጥ መብራት አለ። መጋረጃው ትንሽ ተከፈተ፤ ተመልሶ ተዘጋ።

አልፌ አልወረደም። በሩን ለመክፈት እጁን ሰደደ፤ መልሶ መሪው ላይ አኖረው። ሚሬይ አባቷ ነፋስ ሲፈራ አይታው አታውቅም። አሁን ግን የሚያደርገው ያጣ ሰው ይመስላል።

«ሰው እንዲህ አይጠየቅም» አለ። «ብጠይቀው ሌባ ማለቴ ነው። ሌባ ካልኩት ደግሞ ነገ እኔን ለማሳየት ብሎ ይሄዳል። ባልጠይቀውም ይሄዳል።»

ከሁለቱ የሚሻለውን እሷም አታውቅም። ምናልባት ቬርኖን በሩን ይዘጋባት ይሆናል። ምናልባት ነገ እዚያ ጉድጓድ ላይ የሚሆነው ምንም ብትል ይሆናል። ኮራ ደግሞ ከነገ ወዲያ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ አትቀመጥም፤ ይሄኛው እንኳ ምናልባት አይደለም።

በሩን ከፈተች። ብርዱ ገባ።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ካፒቴን ካፒቴንን አይጠይቅም አይደል? እኔ ካፒቴን አይደለሁም።» አንድ እግሯን አወረደች። «ደግሞ ከቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሂጂም አላላት፣ ቅሪም አላላት። ሞተሩን ግን አጠፋው።

ወጥመዱ ሁሉ ወደ ወደቡ ስለሄደ ግቢው ባዶ ነበር፤ ቁልሎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ብቻ ሣሩ ቢጫ ሆኗል። ደረጃውን ወጣች። ሳታንኳኳ በሩ ተከፈተ። ኮራ በካልሲ ቆማለች፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። በሚሬይ ትከሻ ላይ አሻግራ ፒካፑን አየች።

«ነገርሽው» አለች።

«አዎ። አባትሽ አለ?»

ከውስጥ የቬርኖን ድምፅ «ማን ነው?» አለ። ኮራ አልመለሰችለትም። አንድ እርምጃ ወደ ግድግዳው ተጠግታ በሩን ለቀቀችላት።

ሚሬይ ጎንበስ ብላ የቦት ጫማዎቿን ክር ፈታች፤ አውልቃ ከምንጣፉ ጥግ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸውና ገባች።